በአኩሪ አተር ፍሬ ውስጥ ስለ ተቈለፈው ብረት



አንድ ምግብ ብዙ ብረት አለው ሲባል፣ ያ ሁሉ ብረት ከበላተኛው ደም ይገባል ማለት አይደለም። በምግቡ ውስጥ መገኘቱና ለሰውነት መድረሱ የተለያዩ ናቸውና። ለዚህም አኩሪ አተር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ማናቸውም ዘር ለሚበቅለው ቡቃያ ስንቅ የሚሆን ፎስፎረስ በሆዱ ያከማቻል። ትልቁን ክፍል የሚያከማቸውም ፋይቴት በሚባለው ንጥረ ነገር መልክ ነው። ይህም ለቡቃያው ደግ ስንቅ ሲሆን፣ ለእኛ ግን ንፉግ የጎተራ ጠባቂ ነው፤ ብረቱንና ዚንኩን አጥብቆ ይይዛል፤ አንጀታችንም ሊፈታው ስለማይችል አብዛኛው እንደ ተያዘ ከሰውነት ይወጣል። ዶሮም እንደኛው ናት፤ ላም ግን በጨጓራዋ ባሉት ረቂቃን ሕዋሳት ርዳታ ትፈታዋለች።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ዶክተር አናንዳ ፕራሳድ በኢራን አገር፣ በሺራዝ አካባቢ፣ ዕድገታቸው ስለ ተገታና ደማቸው ስላነሰ ወጣቶች ጽፈዋል። የእነዚህም ዋና ምግብ ካልቦካ ሊጥ የተጋገረ ቂጣ ነበረ፤ የዚንክ ማነስም የበሽታው ምክንያት መሆኑ ኋላ ተገለጸ። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና፣ የእርሾ ጥቅሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ጃፓኖች ኤዳማሜ የሚሉት የአኩሪ አተር እሸት ግን አይቦካም፤ ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ፍሬው እየተፈለቀቀ ይበላል። ፋይቴት ደግሞ እሳት እንዲሁ በቀላሉ የሚያሸንፈው አይደለም። ስለዚህ መፍትሔው ከድስቱ ሳይሆን ከዘሩ ተፈለገ።

በአሜሪካ ቪክቶር ራቦይና የሥራ ጓደኞቻቸው በመጀመሪያ በበቆሎ፣ ቀጥሎም በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአኩሪ አተር ላይ ፋይቴታቸው ያነሰ ዝርያዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። የአኩሪ አተሩ ዘር በኬሚካል ተነክሮ ባሕርዩ እንዲለወጥ ተደረገ፤ ከተወለዱትም መካከል ፋይቴታቸው በግማሽ ያህል የቀነሰ ተገኙ። ፎስፎረሱ አልጠፋም፤ ያልታሰረ ሆኖ ቀረ እንጂ። መመርመሪያውም የሚያስደንቅ ነው፤ ከፍሬው ጥቂት ተፈቅፍቆ በመድኃኒት ሲነከር፣ ያልታሰረ ፎስፎረስ የበዛበት ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል።

ነገር ግን ስንቁ የተነካበት ዘር በማሳ ላይ ብቅለቱ ደካማ ሆነ፤ ይልቁንም በሞቃት አገር የተመረተው። ገበሬም ያልበቀለ ዘር አይገዛም። በእኔ አስተያየት የአዳቃዮቹ እውነተኛ ፈተና ይህ ነው፤ አሁንም ፋይቴቱ ያነሰውን ከጠንካራ አብቃዮች ጋር እያዳቀሉ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሁለቱንም ጠባይ ያጣመረውን ይመርጣሉ።