ስለ ዳቦ መጋገሪያ ዕቃ
ለበዓል ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ የቤት እመቤቶች ለዱቄቱና ለእርሾው እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ መጋገሪያው ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። በአዳማ፣ በሞጆና በዝዋይ (ባቱ) ሙቀቱ ሊጡን ፈጥኖ ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣ ሊጥም ከዕቃው ብረት ጥቂት ጥቂቱን እያሟሟ ወደ ምግቡ ያስገባል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ከአሮጌ የሞተር ክፍልና ከልዩ ልዩ ውዳቂ ቀልጦ የተሠራው አሉሚኒየም ነው፤ እርሳስ ሊቀላቀልበት ይችላልና። በካሜሩን የተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ እንደሚያወጡ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አስረድቷል። እርሳስ በእሳት አይጠፋም፣ በማጠብም አይለቅም፤ በሕፃን አእምሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። መምህራንም በትምህርቱ የሚዘገየውን ልጅ ሰነፍ ነው ከማለታቸው በፊት ይህንን ማሰብ ይገባቸዋል።

የኮባ ቅጠል ማንጠፍ መልካም ልማድ ነው፤ መዓዛ ይሰጣል፣ ዳቦውም እንዳይጣበቅ ይረዳል። ከእርሳስ ያድናል ብሎ መታመን ግን አይገባም።

የጣራ ቆርቆሮ ወይም ቀለም የተቀባ በርሜል ተቆርጦ መጋገሪያ አይሁን። የማይዝግ ብረት ይመረጣል። ጥቁር ብረትም መልካም ነው፤ ሙቀት አብዝቶ ስለሚስብ ግን ዳቦው ከሥሩ እንዳያር እሳቱን ጥቂት መቀነስ ያስፈልጋል። ዋጋው ለከበደበት ቤት የእናቶቻችን የሸክላ ምጣድ ከውዳቂ ከቀለጠ ዕቃ እጅግ ይሻላል።