እንቁላሉ ሲከፈል ማየት፦ የዉድስ ሆል የክረምት ትምህርት

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን በስተደቡብ፣ ኬፕ ኮድ በሚባለው ልሳነ ምድር ጥግ ላይ ዉድስ ሆል የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር አለች። አገር ጎብኚው የሚያውቃት ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት የሚያሻግረውን መርከብ የሚሳፈርባት ወደብ አድርጎ ነው። የሥነ ሕይወት ሰው ግን ስሟ ሲነሣ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ጁን ላይ ከብዙ አገር የተመረጡ ሃያ አራት ያህል ወጣት ተመራማሪዎች ለስድስት ሳምንት የሚከትሙበትን የፅንስ ጥናት ትምህርት። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ትምህርቱ የሚያነሣው ጥያቄ ሲነገር አጭር ነው። ከአንድ እንቁላል፣ ማለትም ከአንዲት ሕዋስ፣ ዓይን፣ ክንፍና አንጀት ያለው እንስሳ እንዴት ይወጣል? ከዚህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ይህ አካል የማበጀት ሥራ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ምኑ ቢለወጥ ነው እባብ እግር ያጣው፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያወጣችው? ሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ሁለቱን ጥያቄዎች ለሁለት ወገን አከፋፍሎ ነው። የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት በአንድ የእንስሳት ሕዝብ ውስጥ ያለውን የዘረ መል ስርጭት ያሰላሉ፤ የፅንስ ሊቃውንት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው ሽሉን ያያሉ፤ አይጠላሉም፣ ግን እምብዛም አይነጋገሩም። ሁለቱን ያስታረቀው የጥናት ዘርፍ ዛሬ በአጭሩ ኢቮ-ዴቮ ይባላል። የዉድስ ሆል ትልቁ ውለታ ዘርፉ ስም ከማግኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ልዩ ልዩ እንስሳትን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ማስተያየቱ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የዳርዊን ተቃዋሚ መሆኑ ያስገርማል። የሃርቫርዱ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ዝግመተ ለውጥን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም። ይሁን እንጂ ተፈጥሮን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሷ መማር ይገባል ብሎ አጥብቆ ያምን ስለነበር፣ በ1873 ከዉድስ ሆል ብዙ በማትርቀው በፔኒኪዝ ደሴት ለመምህራን የክረምት ትምህርት ከፈተ፤ ሴቶችንም ተቀበለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እሱ ሞተ፤ ትምህርት ቤቱም ከ1874 አላለፈም። ነገር ግን ፔኒኪዝ ከተማሩት አንዱ ቻርልስ ኦቲስ ዊትማን ነበር። በ1888 የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ዉድስ ሆል ላይ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላም የፅንስ ጥናቱን ትምህርት አስጀመረ።

ማስተያየቱ ምን እንደሚያስገኝ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤድመንድ ቢቸር ዊልሰን ኔሬይስ የተባለውን የባሕር ትል፣ ኤድዊን ኮንክሊን ደግሞ ክሬፒዱላ የተባለችውን የባሕር ቀንድ አውጣ ያጠኑ ነበር። ሥራው ዓይን የሚያደክም፣ ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። አንዷ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ሲከፈሉ ለእያንዳንዷ በፊደልና በቁጥር ስም ይሰጣል፤ ከዚያ የትኛዋ አንጀት፣ የትኛዋ ቆዳ፣ የትኛዋ ጡንቻ እንደምትሆን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ሁለቱ ሰዎች ዉድስ ሆል ላይ ተገናኝተው ሥዕሎቻቸውን ሲያስተያዩ ነገሩ ሕዋስ በሕዋስ ተገጣጠመ። ያደገ ትልና ያደገ ቀንድ አውጣ በመልክ አይገናኙም፤ እንቁላላቸው ግን የሚከፈለው በአንድ ዓይነት ጠመዝማዛ ሥርዓት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው የዲ.ኤን.ኤ. ንጽጽርም ሁለቱን ወገኖች በአንድ ትልቅ የዘር ሐረግ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ይኸው ኮንክሊን በ1905 ስታይላ የምትባል፣ ስታድግ ከድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ከረጢት መሰል የባሕር እንስሳ ላይ ሌላ ድንቅ ነገር አሳየ። በእንቁላሏ ውስጥ በዓይን የሚለይ ቢጫ ፈሳሽ አለ። እንቁላሉ ሲከፈል ያ ቢጫ ለጥቂት ሕዋሳት ብቻ ይደርሳል፤ እነዚያ ሕዋሳትም የእጯ የጅራት ጡንቻ ይሆናሉ። ይህች ከረጢት መሰል ፍጥረት የኛ የደንደሴዎች የቅርብ ዘመድ ናት። በ1866 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ የዚህ ወገን እጭ ጅራት ውስጥ ደንደስ የሚመስል በትር እንዳለ አሳይቶ ነበር። ያደገችውን ብቻ ያየ ሰው ዝምድናውን በሕልሙም አያስበውም።

ዛሬም ወደ ክፍሉ የሚገባ ተማሪ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የባሕር ጃርት ነው። በአካባቢው ባሕር የሚገኘው ዝርያ አርባሲያ ይባላል፤ ጥቁር ሐምራዊ፣ እሾኻም፣ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ እንስሳ ነው። ጥቂት የፖታሲየም ክሎራይድ ውሕድ ሲወጋ እንስቷ ቀላ ያሉ እንቁላሎችን፣ ተባዕቱ ወተት የመሰለ ዘሩን ይለቃል። ሁለቱን የባሕር ውሃ ጠብታ ላይ ቀላቅሎ ማየት ነው። የወንዴ ዘሮች እንቁላሉን ከብበው ይርመሰመሳሉ፤ አንዱ ይገባል፤ ከዚያ በአንድ ደቂቃ አካባቢ እንቁላሉን የሸፈነው ስስ ገለፈት እንደ ቀለበት ተነሥቶ የቀሩትን ያግዳል። አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ እንቁላሉ መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል፤ ሁለት ይሆናል። በማግስቱ ውሃው ውስጥ የሚዋኝ እጭ አለ። ዓመታትን በዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል ላይ ያሳለፈ፣ ሕይወት ያለው ሽል ግን አይቶ የማያውቅ የዶክትሬት ተማሪ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ይህ አንድ ሰዓት ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ ገለፈት ከሁሉም በኩል እኩል አይነሣም። የወንዴው ዘር ከገባበት ነጥብ ይጀምርና ወደ ማዶ ይዘልቃል። ይህን ከሁሉ አብልጦ በጥንቃቄ ያጠናው ጥቁር አሜሪካዊው ኧርነስት ኤቨረት ጀስት ነው። ገለፈቱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ሌላ የማይታይ ማዕበል በእንቁላሉ ገጽ ላይ ሮጦ ተጨማሪ ዘር እንዳይገባ እንደሚዘጋ አስተዋለ። ጀስት በ1883 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቻርልስተን ተወለደ፤ በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ከ1909 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ክረምቱን ዉድስ ሆል ያሳልፍ ነበር። የባሕር እንስሳትን እንቁላል አያያዝ ከሱ ያልጠየቀ ባልደረባ ጥቂት ነው። ሆኖም በቆዳው ቀለም ምክንያት ከነጮቹ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም የመምህርነት ቦታ አልሰጠውም። ከ1929 ወዲህ ወደ ኔፕልስ፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ታሰረ፤ ተለቅቆ አገሩ ገባና በ1941 ሞተ። ወሳኙ ነገር ኒውክለሱ ብቻ አይደለም፣ የሕዋሱ ገጽም ሥራ አለው የሚለው ሐሳቡ በዘመኑ ሰሚ አላገኘም። የዛሬ ተማሪዎች ግን እንዲህ ያለውን ማዕበል በሚያበሩ ማቅለሚያዎች እያዩ ያጠኑታል።

የትምህርቱ ቀን ረጅም ነው። ጠዋት ገለጻ አለ። ከገለጻው በኋላ እንግዳው መምህር ሌሎች አስተማሪዎች በሌሉበት በተማሪዎች ይከበብና እስኪበቃቸው ይጠየቃል፤ ይህን ጉባኤ የላብ ሳጥን ይሉታል፣ ስሙም አይበዛበትም። ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራ። እኩለ ሌሊት አልፎም መብራቱ አይጠፋም። እንስሳቱ ከመምህራኑ ጋር ይፈራረቃሉ፦ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ክብ ትል፣ ዜብራ ዓሣ፣ የዶሮ ሽል፣ አይጥ፣ ቢቆርጧት መልሳ የምታድግ ፕላናሪያ፣ ከመንደሩ ባሕር የሚያዝ ስኩዊድ። በመሐል ከፊዚዮሎጂ ተማሪዎች ጋር የሚደረግ ዓመታዊ የሶፍትቦል ግጥሚያም አለ።

የእንስሳቱ ብዛት ለጌጥ አይደለም። በ1995 የስዊሱ ዋልተር ጌሪንግና ባልደረቦቹ የአይጥ ዓይን እንዲበቅል የሚያዘውን ፓክስ6 የተባለ ዘረ መል ዝንብ ውስጥ አስገብተው እግሯ ላይ እንዲሠራ አደረጉ። እግሯ ላይ ዓይን በቀለ፤ የበቀለው ግን የዝንብ ዓይን እንጂ የአይጥ አልነበረም። ዝንብና አይጥ ከተለያዩ ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል፤ ትእዛዙ አሁንም ይግባባል። ዝንብን ከአይጥ ጋር ለማያስተያይ ሰው ይህ ሙከራ ትዝ አይለውም።

ለውጡ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ ስቲክልባክ የተባለች ትንሽ ዓሣ ጥሩ ምስክር ናት። የባሕሯ ዓሣ ሆዷ ሥር የሚወጉ እሾሆች አሏት። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ብዙ ሐይቆች ውስጥ የቀሩት ወገኖቿ ግን እሾሁን አጡ። የዴቪድ ኪንግዝሊ ቡድን ምክንያቱን ፈልጎ አገኘ። ፒትክስ1 የተባለው ዘረ መል ራሱ ደህና ነው፤ መንጋጋና ሌላ አካል ለማበጀትም ያስፈልጋል። የተቆረጠው በሆዷ በኩል ዘረ መሉን የሚያበራው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይኸው ቁራጭ በተለያዩ ሐይቆች ደጋግሞ፣ ለየብቻ ጠፍቷል። አንዲት የዲ.ኤን.ኤ. ቁራሽ፣ አንድ ሽል፣ አንድ ሐይቅ ሙሉ ዓሣ፣ አሥር ሺህ ዓመት፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ወይም ይገኛል፤ ጣና ውስጥ። በሐይቁ አሥራ አምስት ያህል ትልልቅ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። አፋቸው፣ ራሳቸውና አመጋገባቸው ይለያያል፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ወገናቸው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ ምግቡን በጉሮሮ ጥርስ የሚፈጭ በመሆኑ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የሩሲያና የኢትዮጵያ የጋራ የሥነ ሕይወት ቡድን ተመራማሪዎች የአገራችንን ባርበስ ጫጩቶች የታይሮይድ ሆርሞን ጨምረውም ቀንሰውም አሳድገዋል። ሆርሞኑ ሲለዋወጥ አጥንቶቹ የሚበቅሉበት ጊዜ ይዛባል፤ የራስ ቅሉም ቅርጽ ይለወጣል። ዝርያ ከዝርያ የሚለይበት ምስጢር በዕድገት ጊዜ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ፍንጭ ነው። ዓሣዎቹ ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ በመረብ ስለሚታፈሱ ቁጥራቸው እየተመናመነ መሆኑም የታወቀ ነው።

የዉድስ ሆል ትምህርት ማመልከቻ የሚቀበለው ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነው፤ ለተመረጡትም የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ አለ። የባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ዶክትሬት የያዛችሁ፣ በተለይ ጣና አጠገብ ያላችሁ፣ አመልክቱ። እስከዚያው የባርበስ እንቁላል፣ ንጹሕ ውሃና አንድ ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ዘንድሮውኑ መጀመር ትችላላችሁ።