ዳታቤዙማ ደህና ነው

ይቺን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የመድኃኒት መደብር ወይም አንድ የእህል ነጋዴ «ኧረ ዳታዬ ጠፋ!» ብሎ ሲደውል፣ እኛ ጠጋኞቹ ደርሰን ፊታችንን ኮስተር የምናደርገው ለወጉ ያህል ነው። መጀመሪያ የምንሠራው ነገር ቀላል ነው፤ የዳታቤዙን ፋይል ስም በመላው ኮምፒውተር ላይ መፈለግ። ብዙ ጊዜ ሁለት ይገኛል። አንዱ የዓመቱን ሽያጭ የተሸከመ ወፍራም ፋይል ነው። ሌላው 0 ባይት።

በሲ ቋንቋ የተጻፉት ትንንሽ የሱቅ ፕሮግራሞች ሆዳቸው ውስጥ ኤስኪውላይት የሚባለውን ላይብረሪ ይዘዋል። ኤስኪውላይት ደግሞ «ይህን ፋይል ክፈት» ሲባል ፋይሉ ከሌለ አይጮህም፤ ባዶውን ፈጥሮ ይከፍታል። ፕሮግራመሩ ሙሉውን የፋይል አድራሻ ትቶ ስሙን ብቻ ከጻፈ፣ የሚከፈተው ፕሮግራሙ በተነሣበት ፎልደር ውስጥ ያለው ነው። ታዲያ የባለሱቋ ልጅ ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ሾርትከት ያወጣ ዕለት «እንዲህ የሚባል ሠንጠረዥ የለም» የሚል መልእክት ይመጣል፣ እናትየው ትደነግጣለች፣ እኛ እንጠራለን። ዳታው የትም አልሄደም። «ኦፕን ቪ2» በሚባለው መክፈቻ «ካለ ክፈት፣ ከሌለ ንገረኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ ያኔ ኤረር 14 ይመጣና ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ይታወቃል።

ኤስኪውላይትን ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለአንድ የጦር መርከብ የሚሆን ሶፍትዌር ሲሠራ ነው። የዳታቤዝ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር የእሱ ፕሮግራም አብሮ ይቆምና ወቀሳው በእሱ ላይ ይመጣ ነበር፤ መረረውና ሰርቨር የሚባል ነገር የሌለው ዳታቤዝ ጻፈ። ኮዱ ባለቤት የለውም፣ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ቴሌግራም መልእክቶቻችሁን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጠው በእሱ ነው። እዚህ ድረስ የተፈተነ ነገር ማርቆስ ሲደርስ ተበላሸ ብሎ መክሰስ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ወደ ኤረር 5 ልምጣ፤ እንጀራችን እሱ ነው። «ዳታቤዙ ተቆልፏል» ይላል። ደንበኛው ቫይረስ ነው ይላል፤ እኛ ግን ከታች የተሸሸጉትን መስኮቶች አንድ በአንድ እናያለን። ከመካከላቸው የዳታቤዝ ማያ ፕሮግራም ተከፍቶ ይገኛል። አንዱ ሠራተኛ ዋጋ ሊያስተካክል ገብቶ፣ ቁጥር ቀይሮ፣ «አስቀምጥ» ሳይል ቡና ሊጠጣ ሄዷል። ያ ያልጸደቀ ለውጥ እስካለ ድረስ ሌላው ሁሉ መጻፍ አይችልም። መስኮቱን ዘግተን «በቃ ተስተካክሏል» እንላለን፤ ዝርዝሩን አንነግርም።

ጥፋቱ ከኮዱ ሲሆን ግን የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራመሩ ጥያቄውን አዘጋጅቷል፣ «ስቴፕ» እያለ መስመር በመስመር አንብቧል፣ የሚፈልገውን ሲያገኝ ከመሀል ወጥቷል፤ «ሪሴት»ም «ፋይናላይዝ»ም አላለም። በሩን እንደያዘ ቀረ ማለት ነው። ሲ ደግሞ ከኋላህ ተከትሎ የሚዘጋልህ ቋንቋ አይደለም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሊዘጋ ሲል «ክሎዝ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ 5 ይመልሳል፤ ያንን መልስ የሚያነብ ሰው ባለመኖሩ ነገሩ ተሸፍኖ ይኖራል። የሰው ኮድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው የመልስ ቁጥሮቹ መነበባቸውን ነው። ካልተነበቡ የቀረውን ለማየት እንኳ አልቸኩልም፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ «ኤርመሴጅ» የሚለውን አስጨምሬ አንድ ቀን እንዲሠሩበት እተወዋለሁ። በተጨማሪ፣ ኤስኪውላይት በተፈጥሮው ቁልፍ ሲያጋጥመው አይጠብቅም፤ ወዲያው እምቢ ይላል። «ቢዚ ታይምአውት» 5000 ሚሊሰከንድ ብሎ ማስገባት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ስንት ሰው በዚህች መስመር እንደከፈለን ባልናገር ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ሌላ ዓይነት ስልክ ይመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ። ሰው የመብራቱን ነገር ይራገማል እንጂ ኤስኪውላይት በመጻፍ መሀል መብራት ቢጠፋም እንዲተርፍ ሆኖ ነው የተሠራው፤ «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ «ሲንክሮነስ» የሚለውን ያጠፋ ጎበዝ ከሌለ በስተቀር። ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ከመብራቱ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው። ከዳታቤዙ አጠገብ «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚል ጭራ ያለው ፋይል ያይና ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል። ማገገሚያው እኮ እሱ ነበር! ጆርናሉ ከሌለ በግማሽ የተጻፈው ገጽ በግማሹ ይቀራል፣ ኤረር 11 ይከተላል። ባክአፕ ብለው በየማታው ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ፍላሽ የሚገለብጡትም ያው ናቸው፤ ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ የቅርቡ ሽያጭ ያለው በ«ዋል»ኛው ውስጥ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ቫኪዩም ኢንቱ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፕሮግራሙ እየሠራም ቢሆን ንጹሕ ቅጂ ያወጣል። ፋይሉ በእውነት ከተጎዳ ደግሞ «ሪከቨር» የሚተርፈውን ለቅሞ ያወጣል፤ ለደንበኛው ግን ሁሉ ይመለሳል ብላችሁ ቃል አትግቡ።

አሁን የእኛው ብቻ ወደሆነው ጣጣ። የውጭ መጻሕፍት ይህን አይነግሯችሁም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ለስም 20 ባይት የመደበ ፕሮግራመር፣ የመጨረሻው ባይት ለማቆሚያው ስለሚሄድ፣ ቦታ የሰጠው ለስድስት ፊደልና ለአንድ ፍርፋሪ ነው። የጎጃሙን ንጉሥ የተክለሃይማኖትን ስም የያዘ ደንበኛ ሲመዘገብ «ተክለሃይማ» ይሆንና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ይለጠፍበታል። ዳታቤዙ የሰጡትን ነው ያስቀመጠው።

ፍለጋውም እንዲሁ። እዚሁ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱትን ደራሲ አንዱ መዝጋቢ «ሀዲስ»፣ ሌላው «ሐዲስ»፣ ሦስተኛው «ሃዲስ» ብሎ ቢያስገባቸው ለኤስኪውላይት ሦስት ሰዎች ናቸው። የታካሚ ካርድ ጠፋ እየተባለ በአንድ ሰው ስም ሁለት ሦስት ካርድ የሚወጣው በዚህ ነው። እኛ በሲ አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ጽፈን፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አምጥተን፣ ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ እናስቀምጣለን። ዋናው ስም ባለቤቱ እንዳስጻፈው ይቆያል፤ የዲማና የዋሸራ የቅኔ መምህራን በሚሰሙበት አገር ፊደል መጣል አያዋጣም።

ከሁሉ የሚከፋው ዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ምክንያቱም ኤረር አያሳይም። «2016-13-05» ብላችሁ ጳጉሜን 5ን ለቀን ፈንክሽኑ ብትሰጡት ባዶ ይመልሳል፤ የጳጉሜን ሽያጭ ከወር ሪፖርቱ ይተናል። ጥቅምት 30ን ብትሰጡት ደግሞ ፌብሩዋሪ መስሎት ወደ ኅዳር 1 ይገፋዋል። እኛ ቀኑን ወደ ጁልያን ቀን ቁጥር ቀይረን እናስቀምጣለን፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 2454356 ነው። ኤስኪውላይት ለዚያው ዕለት 2454355.5 ብሎ ቢመልስ አትደንግጡ፤ የእሱ ስሌት ቀኑን የሚጀምረው ከቀኑ 6 ሰዓት ስለሆነ ግማሹን ራሳችሁ ጨምሩ።

«አሁን» ሲባልም የሚሰጠው የግሪንዊች ሰዓት ነው፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ። ቀን ቀን ለሚሠራ ሱቅ ችግር የለውም። ተረኛ የመድኃኒት መደብር ግን ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሸጠው ሁሉ በትናንቱ ቀን ይመዘገብበታል፤ «ሎካልታይም» የምትለዋ ቃል እስክትጨመር ድረስ ገንዘብ ያዡና የሌሊት ተረኛዋ እየተካሰሱ ይከርማሉ።