ከእርሻ ወደ ንግድ፦ የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር

በእነዚህ በራሪ ጽሑፎች ስለ ዘር መረጣ፣ ስለ አረም ቁጥጥርና ስለ ጎተራ ተባይ ስናስረዳ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ምርቱ ከጎተራ ወጥቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ ስለሚነሣ ጉዳይ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ፣ ገበያው በቆመ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ጤፌን ስሸጥ የንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚል።

አያስፈልግም። በራሱ መሬት ያመረተውን እህል ወይም ራሱ ያረባውን በግ የሚሸጥ ገበሬ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም ይህንኑ ደንግጎ ነበር። ገበሬው ለክልሉ የሚከፍለው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። ሆኖም ያው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ባቄላ እየሰበሰበ አትርፎ መሸጥን ሥራዬ ብሎ ከያዘ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ባይሰቅልም ነጋዴ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማግኘት ነው። ይህ ቁጥር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 ተደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ አሁን የሚመራው በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። አመልካቹ መታወቂያውን ይዞ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ራሱ ይሄዳል፤ የጣት አሻራ ስለሚሰጥ ልጁን ወይም ወንድሙን መላክ አይበቃም። ቁጥሩ አሥር አኀዝ አለው። ከዚህ በኋላ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል፤ ፈቃድም ያወጣል። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት አንድ ሰው በንግድ መዝገብ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአርብ ገበያ እህል፣ በሌላ ክልል ደግሞ ሌላ ንግድ ቢሠራም ምዝገባው ያው ነው። ፈቃዱ ግን እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል።

አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ይሠሩታል። በኖርዌይ አንድ ድርጅት የሚሰጠው ባለ ዘጠኝ አኀዝ ቁጥር በሁሉም መሥሪያ ቤት ያገለግላል። በኬንያ የግለሰብ ቁጥር በአንድ ፊደል፣ የኩባንያ ቁጥር በሌላ ፊደል ይጀምራል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ስም ይመሳሰላል፣ ቁጥር አይመሳሰልም። በአንድ ቀበሌ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ አንባቢያችን ያውቃል።

ቁጥር አለመያዝ ዋጋ ያስከፍላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መለያ ቁጥሩን የማያቀርብ ሻጭ ከክፍያው 30 በመቶ እንዲቀነስበት አዟል። እንግዲህ አንድ እህል ነጋዴ ለአንድ ድርጅት የ50,000 ብር ባቄላ ቢሸጥ 15,000 ብሩ እጁ አይገባም ማለት ነው። የብዙ ሳምንት ትርፉ በአንድ ሽያጭ ይሄዳል።

ይህን ሽሽት የሌላ ሰው ቁጥር የሚዋስ አይጠፋም። ቁጥሩ የባለቤቱ ብቻ ስለሆነ ማዋስ በሕግ ክልክል ነው፤ ጉዳቱም ከተዋሹ ይልቅ በአዋሹ ላይ ይበረታል። የሌላው ሽያጭ በእርሱ ስም ይመዘገባልና ያላገኘውን ትርፍ ግብር ክፈል ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ንግድ ሲያቆሙ ማስታወቅ ነው። አንድ ዓመት ነግዶ ወደ እርሻው የተመለሰ ገበሬ ፈቃዱን ሳጥን ውስጥ ትቶት ቢቀር፣ መዝገቡ አሁንም ነጋዴ ነው ይለዋል፤ ግብሩም ከነመቀጫው ሊጠራቀምበት ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ባቆመ በ30 ቀን ውስጥ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ፈቃዱንም ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይመልስ። የተሰጠውን ማረጋገጫ ደብዳቤ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር አንድ ላይ ቢያስቀምጠው አይጠፋበትም።