ትንፈሳ፣ መዳፈንና ማጎንቆል፤ የባክቴሪያ ስፖርን ሕይወት ስለሚገልጹ ቃላት

ስለ አባ ሰንጋ በሽታ የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለቋንቋ እርማት ቀርቦልኝ ነበር። ረቂቁ የበሽታውን ስፖር የማይተነፍስ በድን ሲል ይገልጸዋል። ተርጓሚው ከምንጩ ብዙ አልራቀም፤ ምንጩ ስፖሩ ሊለካ የሚችል ትንፈሳ የለውም ይላልና። ሆኖም ነፍስ፣ እስትንፋስና ትንፋሽ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስለሆኑ፣ በአማርኛ የማይተነፍስ ማለት የሞተ ማለት ነው። ከሞተ ተሐዋስ ደግሞ ማንም አይጠነቀቅም።

ስለዚህ አስቀድሞ «መተንፈስ»ን ከ«ትንፈሳ» መለየት ያሻል። መተንፈስ ሳንባ ያለው ፍጡር አየር ወደ ውስጥ ማስገባቱና ማስወጣቱ ነው። ትንፈሳ ግን በሕዋስ ደረጃ የሚካሄድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ምግብ ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ የሚገኙትን ኤሌክትሮኖች ሳይቶክሮም በሚባሉ ፕሮቲኖች በኩል ወደ ኦክሲጅን ማድረስና በዚሁ መንገድ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ተሸካሚ መሥራት ነው። ባክቴሪያ የሚያካሂደው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ፌርዲናንድ ኮን የባሲለስ ሰብቲሊስን፣ ሮበርት ኮክ ደግሞ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ስፖሮች እ.ኤ.አ. በ1876 ከገለጹ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተጠንቷል። ባሲለስ ሰብቲሊስ ስኳር ሲትረፈረፍለት የሚበላውን ሁሉ አቃጥሎ አይጨርስም፤ ከፊሉን የኮምጣጤ አሲድ አድርጎ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ስኳሩ ሲያልቅ የጣለውን መልሶ ያነሣል። የሲትሪክ አሲድ ዑደት ኤንዛይሞችን ያበዛል፤ አሲዱንም በኦክሲጅን እያቃጠለ ስፖሩን የሚሠራበትን ኃይል ያገኛል። የዚህ ዑደት ዋና ዋና ኤንዛይሞች የጎደሉት ዝርያ ስፖር መሥራት ይሳነዋል። ሥራው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ «ትንፈሳው ደክሞ ደክሞ ስፖር ሆነ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ስፖር መሥራት ብርቱ ትንፈሳ የሚጠይቅ ሥራ ነውና።

ስፖርን «ዘር» ማለትም አይስማማም። ዘር መብዛትን ያመለክታል፤ እዚህ ግን እንደ ልማዱ አንድ ባክቴሪያ የሚሠራው አንድ ስፖር ብቻ ነው። የውጭውን ቃል እንደያዝን ብንቀጥል ይሻላል።

አስቸጋሪው ቃል የተሠራው ስፖር ያለበትን ሁኔታ የሚጠራው ነው። የስፖሩ እምብርት እጅግ ደረቅ ነው፤ በካልሲየምና በዳይፒኮሊኒክ አሲድ ተሞልቷል። ኤንዛይሞች አሉት፣ ግን አይሠሩም። ኤቲፒም የለውም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን «እንቅልፍ» ይሉታል፤ ነገር ግን የተኛ ሰው ይተነፍሳል፣ ልቡም ይመታል። እኔ «መዳፈን»ን እመርጣለሁ። ማታ በዐመድ የተዳፈነ እሳት ለዐይን የጠፋ ይመስላል፤ ጧት ግን ይቀጣጠላል። ምሳሌው ጉድለት እንዳለበት አልክድም፤ የተዳፈነ ፍም ቀስ በቀስ ራሱን ይበላል፣ የስፖሩ ስንቅ ግን ሳይነካ ይቆያል።

ይህ ስንቅ ምን እንደሆነ ፒተር ሴትሎውና አርተር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1970 በባሲለስ ሜጋቴሪየም ስፖሮች ላይ አሳይተዋል፤ ፎስፎግሊሰሪክ አሲድ ነው። እንደ አላኒን ያለ አሚኖ አሲድ ስፖሩን ሲያገኘው ካልሲየሙና ዳይፒኮሊኒክ አሲዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣሉ፤ ውሃ ይገባል፤ ስፖሩም ያብጣል። ለዚህ ጅማሬ ትንፈሳ አያስፈልገውም። ከዚያ ስንቁ ወደ ኤቲፒ ይለወጣል፤ ኦክሲጅን መውሰድም ይጀመራል። የሲትሪክ አሲድ ዑደት በሙሉ ኃይሉ የሚመለሰው ግን ሕዋሱ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ከሠራ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የጓዳችን ቋንቋ ከመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ይልቅ የተጣራ ሆኖ እናገኘዋለን። ባቄላ ዘፍዝፋ የምታጎነቁል እመቤት ራሰ፣ አጎነቆለ፣ በቀለ እያለች ትለያለች። ብዙ መጻሕፍት ግን ሁሉንም «መብቀል» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላሉ። ስፖሩ ውሃ ጠጥቶ ከመዳፈን የሚወጣበትን ደረጃ «ማጎንቆል»፣ አዲሱ ሕዋስ ልባሱን ሰብሮ የሚወጣበትንና የሚያድግበትን ደግሞ «መብቀል» ብንል፣ ሁለቱን የትንፈሳ ደረጃዎች ሳናምታታ ልናስረዳ እንችላለን።

ወደ ረቂቁ እንመለስ። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ስፖር ለመሥራት ኦክሲጅን ይፈልጋል። ስለዚህም በበሽታው የሞተ ከብት እንዳይከፈት ይመከራል፤ ሬሳው ሳይከፈት ሲበሰብስ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ በብዛት ይጠፋል፣ ደሙ አየር ካገኘ ግን ስፖር ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አርሜ መለስሁት፦ «ስፖሩ የተዳፈነ እንጂ የሞተ አይደለም፤ ትንፈሳው ባይታወቅም፣ ከእንስሳ ገላ ሲገባ አጎንቁሎ ይበቅላል።»