ጨዋታው መቼ ያልቃል?

ቤትዎ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጁ አግድም ይዞ፣ ሲጠሩት «እሺ፣ አንዴ» ብሎ እዚያው የሚቀር ልጅ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ልጅ ባይኖርዎትም ያ ሰው ወንድምዎ፣ ባለቤትዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። የቪዲዮ ጌም ነገር ሲነሳ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ጥሩ ነው መጥፎ?» እና «በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድ?» ሁለቱም ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ሦስተኛ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ጨዋታው መቼ ያልቃል?

ይህን ጥያቄ የማነሳው ከሁለት ወገን ሆኜ ነው። በአንድ በኩል የጌም ወዳጅ ነኝ፤ ሠላሳዎቹን ከጀመርኩ በኋላም አልተውኩትም። በሌላ በኩል እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ እንዴት እንደሚመጣ፣ ከመጣ በኋላም እንዴት እንደማይሄድ ማሰብ የየዕለት ሥራዬ ነው። ስለዚህ ልጅ የያዘውን ስልክ ስመለከት ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ገበያም አያለሁ።

ማብቂያቸውን ይዘው የመጡ ጨዋታዎች

ያደግሁት ይጁቤ ነው። ለማያውቋት፣ ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳው በደቡብ በኩል እስከ ዓባይ ይወርዳል። በእኛ ልጅነት ጨዋታ ማለት መሬት ምሶ በጠጠር ገበጣ መጫወት፣ ሲመሽ ድብብቆሽ፣ የገና ሰሞን ደግሞ ዱላ ይዞ ሩር ማባረር ነበር። እነዚህም ጨዋታዎች ልብ ይሰቅላሉ፤ እራት ያስረሱን ቀንም ነበር። ነገር ግን ሁሉም ማብቂያቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። የገበጣው ጠጠር ተሰብስቦ ያልቃል። ሩሯ ሲመሽ አትታይም። ገና ካለፈ ዱላው ለከብት መንጃ ይሆናል። ድብብቆሹን ደግሞ ከደጅ የምትጣራ እናት ትዘጋዋለች።

ቀጥሎ የመጣው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እኔ የተዋወቅሁት ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በዓለም ከፍተኛ ሽያጭ ያገኘ የጌም መሣሪያ ለመሆን በቅቷል። ከእነዚያ ጥቂቶቹ እጅ ለእጅ ተዘዋውረው እኛ ጋ ደርሰው ነበር። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ተራ የሚጠብቅ ልጅ መዓት። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፤ ያሸነፈ ይቀጥላል። ወላጆቻችን ቤቱን አይወዱትም ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ከትምህርት የፎረፈ ልጅ መሸሸጊያው እዚያ ነበር፤ ውርርድም ነበር። ያም ሆኖ ጨዋታው ራሱ ያልቃል። ፊሽካ ይነፋል፣ ኪስ ይራቆታል፣ ከኋላ የተቀመጠው «ተነስ፣ ተራዬ ነው» ይላል። መብራት ከሄደማ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።

መግቢያው ነፃ፣ መውጫው የማይታይ

ዛሬ ጌም ቤቱ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ፍሪ ፋየር እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፐብጂ ሞባይል በ2018 በስልክ መጡ። የኮናሚ የእግር ኳስ ጨዋታ ኢፉትቦልም ከ2021 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ሦስቱም ለመጀመር አንድ ብር አይጠይቁም። ታዲያ የሠሯቸው ኩባንያዎች በምን ያተርፋሉ?

ነፃ ጨዋታ ማለት መግቢያው ነፃ የሆነ ሱቅ ማለት ነው። ባለሱቁ የሚያተርፈው እርስዎ በመግባትዎ ሳይሆን በመቆየትዎ ነው። ብዙ ከቆዩ አንድ ቀን ልብስ፣ መሣሪያ ወይም ተጫዋች ይገዛሉ፤ ባይገዙም ለሚገዛው ሰው ተጋጣሚ ይሆኑለታል። ስለዚህ መውጫው ጎልቶ እንዳይታይ ተደርጎ ይሠራል። በየቀኑ ለሚገባ ሽልማት አለ፤ አንድ ቀን ከቀሩ የያዙት ተከታታይ ቀን ይቋረጥብዎታል። «ለዚህ ሳምንት ብቻ» የተባለ ዕቃ ይመጣል። ደረጃዎ ከፍ ይላል፤ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀመራል። አንዱ ዙር ሲያልቅ የሚቀጥለውን የሚያስጀምረው ቁልፍ እዚያው አውራ ጣትዎ ሥር ነው። በእኛ ሙያ ይህ «ደንበኛ ማቆየት» ይባላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዕድል ሣጥን ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ በእውነተኛ ገንዘብ ገዝተው የሚከፍቱት ጥቅል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ቁማር ናቸው አለ። የፊፋ ጨዋታ አዘጋጅ የነበረው ኢኤ ኩባንያም በ2019 መጀመሪያ ላይ በዚያች አገር የፊፋ ፖይንት ሽያጩን አቆመ።

ይህን የምዘረዝረው ላስፈራራዎት አይደለም። «ይህ ልጅ ስልክ መዝጋት እንኳ አቃተው» ከማለትዎ በፊት ከስልኩ ወዲያ ማዶ ማን እንዳለ እንዲያዩ ነው። በአንድ ወገን የ14 ዓመት ልጅ፣ በሌላው ወገን ሥራቸው እሱን ማቆየት የሆነ ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። ግጥሚያው እኩል አይደለምና ልጁ ከጎኑ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

መቼ ነው መጨነቅ ያለብን?

የዓለም ጤና ድርጅት በተለምዶ የጌም ሱስ የምንለውን ችግር በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ውስጥ አካቶታል። እትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያው ግን የሰዓት ቁጥር አይደለም፤ ሦስት ምልክቶች ናቸው። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት። ይህም ትምህርቱን፣ ሥራውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ክፉኛ የጎዳና በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀ መሆን አለበት። ድርጅቱ ራሱ ችግሩ የሚገጥማቸው ከተጫዋቾች ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል።

አንድሪው ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 120 ሺህ ገደማ የእንግሊዝ የ15 ዓመት ልጆችን ጠይቀው ነበር። በመጠኑ መጫወት ጉዳት አልታየበትም። በትምህርት ቀን የልጆቹ የደኅንነት ስሜት መቀነስ የጀመረው ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ልዩነቱ አነስተኛ ነበር።

ቻይና ግን ጠበቅ ያለ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኢንተርኔት ላይ መጫወት የሚችሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። እዚያ ማብቂያውን መንግሥት አስቀመጠ፤ እኛ ጋ ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው።

ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በግጭቱ ምክንያት የብዙ ትምህርት ቤቶች በርም ተዘጋ። ልጅ ያለው ሁሉ የዚያን ጊዜ ጭንቀት አይረሳውም። ትናንት «ከዚያ ስልክ ላይ ተነስ» ስትል የነበረች እናት፣ ልጇ ደጅ ከሚወጣ ቤት ቁጭ ብሎ ቢጫወት መረጠች። ማን ይፈርድባታል?

በኢንተርኔት የሚሠሩት ጨዋታዎች ዝም ሲሉ አሮጌዎቹ ተመለሱ። ከዘመዶቼ ቤት ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፕሌይስቴሽን ወጣ። አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ሦስት ወንድማማቾች ተራ ገቡ። ታናሽየው ጎል ሲያገባ ጨዋታው የማይገባቸው አያታቸው ሳይቀሩ «ጎሽ!» ይሉ ነበር። የዕለት ሽልማት የለም፣ «ለዚህ ሳምንት ብቻ» የለም። ተራ አለ፤ ፊሽካ አለ፤ እራት ሲቀርብ መሣሪያው ይጠፋል። ልጆቹ ያው የጌም ወዳጆች ናቸው። የተለወጠው ጨዋታቸው ሰውና ማብቂያ ማግኘቱ ነው።

የእኔ ሳምንት

«የራስዎስ ነገር?» ይሉኝ ይሆናል። በሥራ ቀን ከእራት በኋላ ሁለት የኢፉትቦል ግጥሚያ እጫወታለሁ፤ ሁለት ካልኩ ሁለት ነው። የጨዋታዎቹን ማሳወቂያ በሙሉ ዘግቻለሁ። ስሻ እኔ ወደ ጨዋታው እሄዳለሁ እንጂ ጨዋታው እኔን አይጠራኝም። ስልኬ ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን ነው፤ መኝታ ቤት አይገባም።

እሑድ ቡና ሲፈላ ስልክ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ኔትወርኩ ደህና ከዋለ፣ ይጁቤ ካለው የእኅቴ ልጅ ጋር እንጋጠማለን። ዕድሜው 15 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈኛል። ደውዬ «እንዴት ነህ?» ስለው መልሱ «ደህና» ብቻ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ስንጫወት ግን ወሬው ይፈታል። የሒሳብ ፈተናው እንዴት እንደሄደ፣ አያቱ ጉልበታቸውን እንዳመማቸው፣ የጤፉ አጨዳ የት እንደደረሰ የምሰማው ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ሳለ ነው። የቤተሰቤን ዜና የማገኝበት መንገድ ስለሆነ ጌም ሁሉ ይጥፋ ሲባል አልስማማም።

ማብቂያውን እንመልሰው

ዛሬ ማታ ሊጀምሯቸው የሚችሉ አምስት ነገሮች እነሆ።

በሰዓት ሳይሆን በዙር ይስማሙ። በኢንተርኔት የሚካሄድ ግጥሚያ ቆሞ አይጠብቅም። የፍሪ ፋየር ዙር 50 ሰዎችን ይዞ 10 ደቂቃ ገደማ፣ የፐብጂ ዙር ደግሞ 100 ሰዎችን ይዞ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። «አሁኑኑ ዝጋው» ሲሉት ልጁ ጓደኞቹን መሐል መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ይሆንበታል፤ ጠቡም የሚነሳው ከዚህ ነው። «ይሄ ዙር ሲያልቅ ና» ቢሉት ግን ለእሱም የሚገባው ቋንቋ ነው።

ገንዘቡን ይቆልፉ። በፕሌይ ስቶር ማስተካከያ ውስጥ እያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። የቴሌብርዎንም ሆነ የባንክዎን የሚስጥር ቁጥር ለልጅ አይስጡ።

ስልኩ ራሱ ይርዳዎ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ ለአንድ ጨዋታ የቀን ገደብ ያስቀምጥልዎታል። ፋሚሊ ሊንክ የተባለው የጉግል መተግበሪያ ደግሞ የልጁን ስልክ ከእርስዎ ስልክ ሆነው ለመቆጣጠር ያስችላል። ገደቡን ግን ከልጁ ጋር ተነጋግረው ያድርጉት፤ በድብቅ የተደረገ ገደብ በድብቅ ይፈታል።

ዕድሜውን ያረጋግጡ። የአውሮፓው የጌም ደረጃ ሰጪ ፔጊ የእግር ኳሱን ፊፋ ከ3 ዓመት ጀምሮ ሲፈቅድ፣ ጂቲኤን ከ18 ዓመት በላይ ብሎታል። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ምክር ሰጥቷል፤ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን ባይኖር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

አንድ ጊዜ አብረው ይጫወቱ። የሚጀምሩበት ካጡ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የምናስሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ገበጣው ላይ ልጅዎን ማሸነፍዎ አይቀርም፤ ዶሮዋ ላይ ደግሞ እሱ ያሸንፍዎታል። ከዚያ በኋላ «በቃ» ሲሉት የሚሰማዎት ጨዋታውን እንደሚያውቅ ሰው ነው።

ልጅዎ ዛሬ ማታ «እሺ፣ አንዴ» ሲልዎ ከመቆጣትዎ በፊት አጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ይሄ ዙር ለማለቅ ስንት ደቂቃ ቀረው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከነገረዎ ያችን ደቂቃ ይጠብቁት፤ ከዚያም እራቱን አብራችሁ ብሉ።