የምክራቸው ዋጋ በበጀት ይያዝ

የጤና አገልግሎት ጥናት ስናዘጋጅ፣ መጠይቁ መስክ ከመውጣቱ በፊት አካል ጉዳተኞች እንዲያዩት እናደርጋለን። በአንዱ ስብሰባ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ አማካሪያችን «ጤና ጣቢያው ከቤትዎ ምን ያህል ይርቃል?» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ «ርቀቱን ተዉት፤ የምርመራው አልጋ ላይ ማን እንደሚያወጣኝ ጠይቁ» አለችን። ቀጥላም «ሐኪሙ የሚያነጋግረው እርስዎን ነው ወይስ አጃቢዎን?» የሚል አስጨመረች። ከእኛ ከተመራማሪዎቹ ይህ የታየው አልነበረም።

የአጠያየቅ ነገር ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ አንድ በመቶ ግድም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን የዓለም አቀፉን መጠን ወደ 15 በመቶ ገምተዋል። «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ዝም የሚል ቤተሰብ፣ «መነጽር አድርገውም ቢሆን ማየት ይቸግርዎታል?» ሲባል ይመልሳል። ይህን አሳምሮ የሚያውቀው የኖረበት ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ዕውቀት ላካፈለ ሰው በብዙ ፕሮጀክት የሚሰጠው ሻይና የትራንስፖርት ብቻ ነው። ትራንስፖርቱም በሚኒባስ ታሪፍ ይታሰባል፤ ዊልቸር ይዞ የመጣው ኮንትራት ታክሲ መያዙን፣ ዓይነ ስውሩ ከመሪው ጋር መምጣቱን የሚያስብ የለም። ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የቀኑን ክፍያ ፈርሞ ሲወስድ፣ ሐሳቡ የተተረጎመለት መስማት የተሳነው ሰው «እናመሰግናለን» ተብሎ ይሸኛል።

«ገንዘብ ያማልላል» የሚሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት አሉ። ስጋታቸው መድኃኒት ለሚሞከርበት ተሳታፊ ተገቢ ነው። መጠይቅ የሚያርም፣ ውጤት አብሮን የሚተነትን ሰው ግን ባልደረባችን ነው፤ የእኔን ደመወዝ ማማለያ ያለው የለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ምርምር ተቋም ይህን ለይቶ፣ ለእንዲህ ያለ አማካሪ በሰዓት 25፣ ለሙሉ ቀን 150 ፓውንድ መነሻ የሚያደርግ መመሪያ አውጥቷል። የእኛ መጠን የራሳችንን ኑሮ ያገናዘበ ይሁን፤ መርሁ ግን ያው ነው።

ፕሮፖዛል እየጻፋችሁ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ የአማካሪዎቹን ክፍያ፣ የኮንትራት ታክሲውንና የመሪውን አበል አሁኑኑ በበጀቱ አስገቡ። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ሒሳብ ክፍል ከየትም አያመጣውም።